የዐቀበት ሒሳብ፤ በኤሌክትሪክ መኪና ለሚነግድና ለሚያጓጉዝ ሁሉ

ንግድ የሚጸናው በሁለት ነገር ነው፤ በትክክለኛ ሚዛንና በታመነ ቃል። ስኳር የሚሸጥ ባለሱቅ ኪሎው ቢጐድልበት ደንበኛው በማግሥቱ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ ጨርቅ የሚሸጥም ሜትሩ ቢያጥርበት ስሙ ከገበያ ይወጣል። ዛሬ ደግሞ በገበያችን ላይ አዲስ መለኪያ ገብቷል። ይኸውም የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው አንድ ጊዜ ሞልቶ የሚጓዘው ርቀት ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ፣ አስመጪው ይህን ርቀት በማስታወቂያው ላይ ይጽፋል፤ ሻጩ ለገዢው ይነግራል፤ ገዢውም በዚሁ ቁጥር ተማምኖ ገንዘቡን ይከፍላል።

ነገር ግን ቁጥሩ የተለካው በሜዳ ሒሳብ ሲሆን፣ መኪናው የሚነዳው በተራራ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከራስዋ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ዕቃችን የሚገባበት የጅቡቲ ወደብ ከባሕር እኩል ነው። ወደ ጎጃም የሚያቀና መንገደኛም የዓባይን በረሓ ወርዶ መውጣት ግዴታው ነው። ስለዚህ ርቀትን ብቻ ቈጥሮ ከፍታን የማይቈጥር ነጋዴ፣ ሚዛኑን ግማሹን ብቻ እንደሚያነብ ሰው ነው። ዐቀበት ከባትሪው ምን ያህል እንደሚበላ፣ ቁልቁለትም ምን ያህል እንደሚመልስ ማወቅ የመሐንዲስ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ወረቀትና እርሳስ ያለው ነጋዴ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ

በመኪናው ወረቀት ላይ የሚታየው ርቀት የሚለካው በመንገድ ላይ ሳይሆን በመፈተሻ ቤት ውስጥ ነው። መኪናው ጎማዎቹ በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ ሆነው፣ በታወቀ የፍጥነት ሥርዐት፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ይነዳል። ከበሮዎቹ የአየሩንና የመንገዱን ተቃውሞ እንዲያስመስሉ ሆነው ቢስተካከሉም፣ የሚያስመስሉት መንገድ ግን ዐቀበትም ቁልቁለትም የሌለበት ሜዳ ነው።

የአለካክ ሥርዐቱም በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው። ቻይና ሲኤልቲሲ በሚባለው ሥርዐት ትለካለች፤ በአውሮፓ የሚሠራበት ደብሊውኤልቲፒ የሚባለው ነው። የቻይናው ሥርዐት ዝግ ያለና በከተማ ውስጥ መቆምና መነሣት የበዛበት ጉዞን የሚከተል ስለ ሆነ፣ የሚያወጣው ቁጥር ከአውሮፓው ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል፣ ቢዋይዲ ዶልፊን የተባለችው መኪና 44.9 ኪሎ ዋት ሰዓት በሚይዘው ባትሪዋ በቻይናው ሥርዐት 420 ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፓው ሥርዐት 340 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፎላታል። ባትሪው ያው አንድ ሲሆን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 80 ኪሎ ሜትር ልዩነት አለ። ሁለቱም ቁጥሮች እንደየሥርዐታቸው የታመኑ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ግን እንጦጦን አልወጡም።

በኩንታልና በሜትር

ዐቀበት የሚጠይቀው ኃይል በተፈጥሮ ሕግ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በመኪናው ዐይነትም በሾፌሩ ብልኀትም አይለወጥም። አንድ ኩንታል ክብደት 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ያስፈልጋል። ኩንታሉ ጤፍ ቢሆን፣ ብረት ቢሆን፣ ወይም የመኪናው የራሱ አካል ቢሆን ልዩነት የለም። ከባትሪው እስከ ጎማው ድረስ በመንገድ ላይ የሚባክን አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሚኖር፣ ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል በኩንታል 0.3 አድርጎ ማሰብ ለነጋዴ ይበቃዋል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። የመኪናውን፣ የተሳፋሪውንና የጭነቱን ክብደት በኩንታል ደምር፤ የሚወጣውን ከፍታ በኪሎ ሜትር ለውጠህ አባዛ፤ የመጣውን በ0.3 አባዛ። ውጤቱ ዐቀበቱ ብቻ ከባትሪው የሚወስደው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህም በሜዳው ላይ ከሚጠፋው በተጨማሪ መሆኑ አይዘንጋ።

ሾፌሩንና ተሳፋሪውን ጨምሮ 13 ኩንታል የምትመዝን ትንሽ አውቶሞቢል ከመሀል ከተማ ተነሥታ 700 ሜትር ከፍ ብላ እንጦጦ ላይ ብትወጣ፣ 13 በ0.7፣ ያም በ0.3 ሲባዛ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህች መኪና በሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት የምትፈጅ ብትሆን፣ ዐቀበቱ ብቻውን የ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ያህል በላባት ማለት ነው። መንገዱ ግን ከዚያ እጅግ ያጠረ ነው። ገዢው መኪናውን በገዛ በሳምንቱ ወደ ሻጩ ተመልሶ «ባትሪው ጉድለት አለበት» የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ባትሪው ጉድለት የለበትም፤ ከፍታውን ቀድሞ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ቁልቁለት የሚመልሰው

የኤሌክትሪክ መኪና ከነዳጅ መኪና የሚለይበት ትልቁ ነገር ቁልቁለት ላይ ይታያል። የነዳጅ መኪና ዐቀበት ሲወጣ ያቃጠለውን ናፍጣ ወይም ቤንዚን ሲወርድ አንዲት ጠብታ ስንኳ አይመልስም፤ ትርፉ የፍሬን መጋል ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሾፌሩ እግሩን ሲያነሣ ወይም ፍሬኑን በለዘብታ ሲረግጥ፣ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም እንደ ዲናሞ ሆኖ ኃይል እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ነገር ግን የሚመለሰው ሁሉም አይደለም። ከቁልቁለቱ ኃይል አንዱ ክፍል የመንገዱንና የአየሩን ተቃውሞ ለማሸነፍ ይውላል፤ ሌላው ክፍል ከሞተር ወደ ባትሪ ሲሻገር ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ በኃይለኛ ቁልቁለት ላይ በባትሪው ውስጥ ተመልሶ የሚገኘው ከጠቅላላው ግማሹ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ሾፌሩ በድንገት እየረገጠ በጎማው ፍሬን የሚይዝ ከሆነ ከዚህም ያንሳል። ቁልቁለት ደግ ባለዕዳ ነው፤ ይከፍላል፤ ነገር ግን ሙሉውን አይከፍልም።

በቀላል ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይሻላል። መኪናው በራሱ ክብደት እየተገፋ ሲሄድ ኃይሉ ወደ ባትሪ ገብቶ መውጣት ሳያስፈልገው በቀጥታ ለጉዞው ይውላልና፣ የሚባክነው ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚደረገው ጉዞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዳማ ከአዲስ አበባ 650 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 19 ኩንታል የሚመዝን፣ በሜዳ ላይ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ አውቶሞቢል ሲወርድ 15 ያህል ይፈጃል፤ ሲመለስ ግን ወደ 22 ይጠጋል። እንግዲህ የመመለሻው ወጪ ከመሄጃው በግማሽ ያህል ይበልጣል። አዳማ በደረሰ ጊዜ የቀረውን ባትሪ አይቶ «እንደ መጣሁት እመለሳለሁ» የሚል ሰው ሒሳቡን አሳስቷል።

የዓባይ በረሓ ምሳሌ

የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ከጎጃም ወደ ሸዋ ሲሻገር መንገዱን የሚቈጥረው በቀን ጉዞ ነበር። የዓባይ በረሓ በዐይን ሲታይ ቅርብ፣ በእግር ሲሄዱበት ግን ሩቅ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቅ ነበርና፣ ለበቅሎው የሚጭነውን በዚያው መጠን ያስብ ነበር። ዛሬ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሹ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ ግማሹ ከድልድዩ ይወጣል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ያለው ዝቅታ 1,400 ሜትር ገደማ ይሆናል።

አሁን አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ከነጭነቱ 26 ኩንታል ይመዝናል እንበል፤ በሜዳ ላይም በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ጎሐ ጽዮን ሲደርስ በባትሪው ውስጥ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ቀርቶታል። በመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ «50 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል» ይላል። ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ሾፌሩ ይበቃኛል ብሎ ቁልቁለቱን ይጀምራል።

ሲወርድ 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ወደ ባትሪው ይመለስለታል። ድልድዩ ላይ በደረሰ ጊዜ ሰሌዳው 14.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም በሜዳ ሒሳብ 80 ኪሎ ሜትር መንገድ ያሳየዋል። ሃያ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከተነሣበት የበለጠ ስላገኘ ደስ ይለዋል። የቀረውም መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ዐቀበቱ 26 በ1.4፣ ያም በ0.3 ሲባዛ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ የመንገዱና የአየሩ ተቃውሞ 3.6 ይጨምርበታል፤ ጠቅላላው 14.6 ይሆናል። እነሆ፣ 80 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል የተባለው ባትሪ 20 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ደጀን በሚታይበት ስፍራ ያልቃል። ጭነቱ መንገድ ላይ ያድራል፤ ዕቃው የሚበላሽ እንደ ሆነም ኪሳራው የባለንብረቱ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመውረዱና የመውጣቱ ወጪ አንድ ላይ ሲደመር 9.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በሜዳ ቢሆን ኖሮ 40ው ኪሎ ሜትር 7.2 ይፈጅ ነበር። ልዩነቱ ከሩብ ጥቂት ቢበልጥ ነውና ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው በመጀመሪያ ተከፍሎ በኋላ የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ቁልቁለቱ አስቀድሞ ያበድራል፤ ዐቀበቱ በኋላ ከነወለዱ ያስከፍላል። ስለዚህ በተራራማ አገር «ስንት ኪሎ ሜትር ይቀረኛል» ከማለት ይልቅ «በዐቀበቱ ግርጌ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይኖረኛል» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥያቄው ጎሐ ጽዮን ላይ መነሣት አለበት እንጂ ድልድዩ ላይ አይደለም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። ጎሐ ጽዮን ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ ቁልቁለቱን የሚጀምር ሾፌር ቁልቁለቱ የሚሰጠውን አይቀበልም፤ ሙሉ እንስራ ውሃ አይጨመርበትምና። ባትሪው ሙሉ በሆነ ጊዜ አብዛኞቹ መኪኖች በሞተር መያዙን ይቀንሱታል ወይም ያቆሙታል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በጎማ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም በረጅም ቁልቁለት ላይ ሊግል ይችላል። በአፋፍ ላይ ሲሞሉ ለቁልቁለቱ የሚሆን ቦታ መተው ለገንዘብም ለነፍስም ይጠቅማል።

ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ

ስለ ጭነት መኪናዎች ሲታሰብ አንድ ሌላ ነገር ይመጣል። በስዊዘርላንድ አገር በቢል ከተማ አቅራቢያ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2018 ጀምሮ የሲሚንቶ ድንጋይ የሚያመላልስ ትልቅ የኤሌክትሪክ ገልባጭ መኪና አለ። ባዶውን 45 ቶን፣ ከነጭነቱ 110 ቶን ይመዝናል። ድንጋዩ የሚቈፈረው ከላይ ሲሆን ፋብሪካው ያለው ከታች ነው። ስለዚህ ሙሉ ሆኖ ይወርዳል፤ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ሲወርድ የሚሰበስበው ኃይል ለመውጣት የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ይሸፍንለታል። ተራራው ራሱ እንደ ነዳጅ ማደያ ሆኖ ያገለግለዋል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ንግድ ግን በአመዛኙ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከውጭ የምናስገባው ዕቃ በክብደት ከምንልከው እጅግ ይበልጣል፤ ወደቡ ከታች፣ ገበያው ከላይ ነው። ስለዚህ መኪናው ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ባዶውን ይወርዳል። ከነጭነቱ 400 ኩንታል የሚመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ቢወጣ፣ በመሐል ያለውን መውረድና መውጣት ሳይጨምር፣ ከፍታው ብቻ 280 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቀዋል። ባዶውን 150 ኩንታል ሆኖ ቢወርድ ግን የሚመለስለት ቢበዛ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለላኪዎች የሚጠቅም ነው። ቡና፣ ሰሊጥና ጥራጥሬ ከደጋው ወደ ወደቡ ሲወርዱ፣ እያንዳንዱ ኩንታል በባትሪው ላይ ሸክም ሳይሆን ረዳት ይሆናል። የመመለሻ ጭነት ማግኘት በነዳጅ መኪና ጊዜም ትርፍ ነበር፤ በኤሌክትሪክ መኪና ጊዜ ግን ጭነቱ ራሱ የመንገዱን ኃይል በከፊል ያመነጫል። አስመጪና ላኪ ተነጋግረው አንድ መኪና ለመውጫም ለመውረጃም ቢከራዩ፣ የሚያተርፉት ኪራዩን ብቻ አይደለም።

ከፍታ የሚሰጠው ጥቅም

ዐቀበት ሁልጊዜ ይበላል እንጂ አይሰጥም ማለት ግን አይገባም። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር መኪናውን የሚቃወመው በዚያው መጠን ያነሰ ስለ ሆነ፣ በፈጣን መንገድ ላይ ባትሪው ጥቂት ይቈጥባል። በሌላ በኩል፣ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በሳሳ አየር ሲተነፍስ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ ጉልበቱ እንጦጦ ላይም ጅቡቲም ያው ነው። ዐቀበት ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጁን ጥሎ ሲያልፍ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለአስመጪ፣ ለባለሱቅና ለአጓጓዥ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ በሥራ ላይ እንዲውል የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰቡ ይገባል።

አስመጪው ከፋብሪካው ሲያዝ የርቀቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥሩ በየትኛው የአለካክ ሥርዐት እንደ ተገኘ፣ ባትሪው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚይዝ፣ የመኪናው ክብደትም ስንት ኩንታል እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። እነዚህ ሦስቱ ካሉ የዐቀበቱን ሒሳብ ራሱ ይሠራል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ እንደ ሆነም፣ የባትሪው ዐቅም አሁን ከአዲሱ ስንት እጅ እንደ ቀረ አስመርምሮ ይወቅ። በሜዳ አገር ጥቂት የሚመስለው ጉድለት በዐቀበት ላይ ጎልቶ ይታያልና፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው እዚህም ይሠራል።

ሻጩ ለገዢው ሁለት ቁጥር ቢሰጠው መልካም ነው፤ አንዱ ፋብሪካው የጻፈው፣ ሁለተኛው ገዢው በሚነዳበት መንገድ የተሰላው። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ያንሳል። ነገር ግን 300 ተብሎ ተነግሮት 310 የሄደ ደንበኛ ወንድሙን ይዞ ይመለሳል፤ 420 ተብሎ 310 የሄደ ግን ጠበቃ ይዞ ይመጣል።

ዕቃ በየደጁ የሚያደርስ ባለሱቅ ወይም አከፋፋይ መንገዱን ሲያቅድ የትኛው ደንበኛ ላይ፣ የትኛው ታች እንደ ሆነ ይለይ። ለቆላው ሰፈር የሚወርደው ጭነት ባትሪውን አይጐዳውም፤ ወደ ደጋው ሰፈር የሚወጣው ግን በኩንታሉ ልክ ያስከፍላል። የማያስፈልግ ዕቃ በመኪናው ውስጥ ይዞ ዐቀበት መውጣት፣ ሳይሸጡት ደጋግሞ ኪራዩን እንደ መክፈል ነው።

መንገድ ዳር ሆቴል ወይም ሱቅ ያለውም ሰው አሳቡን ወደዚህ ቢመልስ ይጠቀማል። የነዳጅ ማደያ በማናቸውም ስፍራ ቢቆም ሥራ አያጣም፤ የባትሪ መሙያ ግን ይበልጥ የሚፈለገው በረጅም ዐቀበት ግርጌ ነው። ባትሪ መሙላት ቤንዚን ከመቅዳት ይልቅ ጊዜ የሚወስድ ስለ ሆነ፣ እስኪሞላ የሚጠብቀው ሾፌር ምሳ ይበላል፤ ቡናም ይጠጣል። የመብራቱ መሥመር ኃይሉን የሚችልለት ስፍራ ያለው ባለንብረት፣ መንገደኛው የት ላይ እንደሚጨነቅ ካወቀ ገበያው የት እንደ ሆነ አወቀ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ለተራራማ አገር አይሆንም የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው፤ ከላይ እንደ ታየው፣ ዐቀበት ላይ ጉልበቱ አይደክምም፤ ቁልቁለት ላይም ከነዳጁ መኪና የተሻለ ነው። እንደዚሁም በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ርቀት ለሁሉም መንገድ ይሠራል የሚለው ከእውነት የራቀ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ትክክለኛው መንገድ የሒሳብ መንገድ ነው። ክብደቱን በኩንታል፣ ከፍታውን በሜትር፣ ባትሪውን በኪሎ ዋት ሰዓት የሚያውቅ ነጋዴ መኪናውን ሲሸጥ ቃሉ አይታጠፍም፤ ዕቃውን ሲልክም ጭነቱ በረሓ ላይ አያድርበትም።